«የአባትሽ ገቢ ስንት ነው?»

አሜሪካ ሄዶ መማር የሚመኝ የገጠር ልጅ ከእንግሊዝኛው ፈተና በፊት የሚያልበው በዚህ ጥያቄ ነው!

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል የአባቱን የዓመት ገቢ በብር ቆጥሮ የሚያውቅ ስንቱ ነው? አባቱ ደሞዝተኛ የሆነ ምናልባት ያውቅ ይሆናል። አባቱ ገበሬ የሆነስ? «ኧረ ተወን! አባቴስ መች ያውቀዋል?» እንደምትሉኝ አልጠራጠርም።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን ገጠር የሚያውቅ ይመስክር። እኛ ዘንድ የሰው ከብት አይቆጠርም። «ስንት ኩንታል አስገባህ?» ብሎ መጠየቅም ደግ አይደለም። የሞላለት ሰው ዓይን ይፈራል፤ የጎደለበት ደግሞ ገመናውን ይሸፍናል። ጎተራው ባዶ የሆነ አባወራ እንኳ እንግዳ ሲመጣ «ቤት ያፈራውን ቅመስ» ይላል እንጂ «የለኝም» አይልም። ታዲያ በዚህ ወግ ያደገ ልጅ አንድ ቀን «የአባትህ ገቢ ስንት ነው? ቤታችሁ ስንት ያወጣል? ለትምህርትህ በዓመት ስንት ልትከፍሉ ትችላላችሁ?» የሚል ፎርም ፊቱ ሲደቀንበት ምን ይሁን?

እኔ ፍኖተ ሰላም ተወልጄ ያደግሁ፣ ከ12ኛ ክፍል ያለፈ ወረቀት የሌለኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ላይ ለጋዜጣ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። አገር ቤት ግን «ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው እንግሊዝኛ አያቅተውም» ተብሎ ይታመናል። በዚሁ ሰበብ የሁለት ልጆችን የአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከቻ አብሬያቸው ሞልቻለሁ። አንደኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ሁለተኛው ከቡሬ ወጣ ካለ ገጠር የመጣ ልጅ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ስማቸውን ሁላችሁም የምታውቋቸው የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ፣ ማደሪያውና ምግቡ ተደምሮ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። በዓመት ነው የምላችሁ፤ ለአራት ዓመት አይደለም! የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አባዙትና እዩት፤ ከስምንት ሚሊዮን ብር በላይ ይመጣል። የእኛ አገር ሰው «አሜሪካ መንግሥት ይረዳል» ይላል። የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው እርዳታ ግን ለራሱ ዜጎችና እዚያው የመኖር ፈቃድ ላላቸው ነው። የውጭ ተማሪ ተስፋ የኮሌጁ የራሱ ካዝና ነው።

ኮሌጆቹም በዚህ ጉዳይ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ልጁን ሲመርጡ ገንዘብ ይኑረው አይኑረው አያዩም፤ ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ የጎደለውን ሁሉ ይሞሉለታል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት በዚህ ይታወቃሉ፤ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ዳርትመዝና ቦውዶይን ለውጭ ተማሪዎችም ይህንኑ አደርጋለሁ ብለዋል። ታዲያ የዓለም ጎበዝ ሁሉ የሚረባረበው እነዚህ በሮች ላይ ነው። ሁለተኞቹ ከተቀበሉ የጎደለውን ይሞላሉ፤ ሲመርጡ ግን ልጁ ስንት እንደሚያስወጣቸው ያያሉ። በብዛት ትንንሽ ኮሌጆች ናቸው። ሦስተኞቹ «ተቀብለንሃል» ይላሉ፤ የጎደለውን ግን «ራስህ ሙላው» ብለው ይተዉታል። ሰው ቤቱን የሚያፈርሰው በእነዚህ ነው! ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለ ደግሞ በኬንታኪ ግዛት ቤሪያ የሚባል ኮሌጅ አለ፤ ተማሪውን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ በምትኩ ሁሉም ተማሪ ግቢው ውስጥ ይሠራል።

የደላላው ምክር

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የሄደችው ወደ እኔ አልነበረም። ከጓደኛዋ በሰማችው መሠረት አዲስ አበባ ውስጥ «ፕሮሰስ እናደርጋለን» የሚል አንድ ቢሮ ደውላ ነበር። እዚያ ያለው ሰውዬ የጠየቃት 40 ሺህ ብር ነው። ምክሩስ? «አባትሽ ገበሬ ነው አትበይ፤ ነጋዴ በይ። ባንክ ላይ ለአንድ ወር ገንዘብ እናስገባልሻለን፣ ደብዳቤውን ታወጪበታለሽ።»

ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። እስቲ አስቡት! እርዳታ የምትለምን ልጅ ሀብታም መስላ ከቀረበች ማን ይረዳታል? ሰውዬው እርዳታ የሚባለውን ነገር ጨርሶ አያውቀውም፤ የሚያውቀው የቪዛ ወረፋን ነው። ቀልዱ ቀርቶ ደግሞ፣ በሐሰት ሰነድ ቪዛ ሊወስድ ሲሞክር የተያዘ ሰው የአሜሪካ በር ዕድሜ ልኩን ሊዘጋበት ይችላል። ኮሌጁም ቢሆን ውሸቱን የደረሰበት ቀን ያባርራል። ልጅቷ ብልህ ናት፤ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ደወለች።

በርበሬው መሀል ቁጭ ብለን

ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነበር። እኔም ፍኖተ ሰላም ወርጄ፣ ከቡሬው መንገድ ታጥፌ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግሬ ኳትኜ አክስቴ ቤት ደረስኩ። የአዝመራ መሰብሰቢያ ነው፤ በርበሬው ግቢው ውስጥ ተሰጥቶ ዓይን ያቃጥላል። የአክስቴን ባል በአክብሮት «አያ» ነው የምላቸው።

«አያ፣ የዓመት ገቢዎ ስንት ነው?» አልኳቸው።

ደንገጥ ብለው አዩኝ። «ለግብር ነው እንዴ?»

«የለም፣ ለልጅቱ ትምህርት ነው።»

«እንግዲያ ድኻ ነው ብለህ ጻፋ!»

«እንዲያ አይበቃቸውም። ቁጥር ነው የሚፈልጉ።»

ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነበር። የሰው ፊት አይተው የማያውቁ ይመስል መሬት መሬቱን ያያሉ። በመጨረሻ «ይህን ሁሉ የሚያየው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አሜሪካ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ እርስዎን የማያውቅ ሰው ነው» አልኳቸው። ቀና አሉና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«የማያውቀኝስ ይየው። እኔ የምፈራው የሚያውቀኝን ነው!»

ከዚያ በኋላ አክስቴ መጣችና ቆጠራው ተጀመረ። አምስት ቃዳ መሬት፤ ያም በእኛ አገር ልክ አንድ ሔክታር ከሩብ መሆኑ ነው። ከበቆሎው ለቤት የሚቀረው ተነሥቶ የተሸጠው፣ በርበሬው፣ ለፋሲካ የወጣው ወይፈን… ሁሉም ሲደመር 100 ሺህ ብር ሆነ። ለማዳበሪያ የወጣው 25 ሺህ ብር ሲቀነስ 75 ሺህ ብር ቀረ። በጊዜው ምንዛሪ 1400 ዶላር ገደማ ነው። ሰባት ነፍስ ዓመቱን ሙሉ የሚለብሰው፣ የሚታከመው፣ የሚማረው በዚያ ነው። አክስቴ ድምሩን ስትሰማ «ይህን ያህል ነበረን እንዴ?» አለች። ባሏ ደግሞ በዚያው ቅጽበት «ይህችው ናት?» አሉ። እኔም ሁለቱንም ጻፍኩት፤ ለራሴ ማስታወሻ።

ልመና ነው ወይስ ወግ?

ማታ ልጅቷ «ወንድምየ፣ ይህ ልመና አይደለም ወይ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ድህነትን በቁጥር መጻፍ ልመና ይመስላል። ነገር ግን የጎጃም ልጅ ሆኖ የቆሎ ተማሪን የረሳ ማነው? ዋሸራ፣ ጎንጅ ሲባል አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የቅኔ ቤት ነው። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ከየደጁ ቆሞ ይለምናል፤ ውሻው ይጮኽበታል። ለማኝ ብሎ የናቀው ግን የለም። ተማሪ ነዋ! መንደሩ ጭብጦ የሚሰጠው ዕውቀቱ እንዳይቀር ነው። ልጁም «አለኝ» ብሎ አይዋሽም። የአሜሪካው ኮሌጅ «ያለህን አምጣ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» ሲል ያው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ከደጅ መቆሙ ቀርቶ ፎርም መምጣቱ ብቻ ነው።

እንዲያውም ዘመኑ ለድኻ ልጅ ተሻሽሏል ብል አላጋነንኩም። በ1922 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ የገባው መላኩ በያን በኦሃዮ ግዛት ማስኪንገም ኮሌጅ ተምሮ፣ ኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆኗል። እሱ ግን የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመድና መልእክተኛ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ለመማር የሚያውቅህ ትልቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። የዛሬው ፎርም ግን «የማን ልጅ ነህ?» አይልም።

ገበሬ ፎርም ሲሞላ

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት «ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል» የሚባል የገንዘብ ፎርም አለ። የተሠራው ደሞዝና የባንክ ሒሳብ ላለው ሰው ነው። ለገበሬ አይመችም። ስለዚህ ከፎርሙ ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፉ። ምን ያህል መሬት ታርሳላችሁ? ምን ተመረተ? ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ተሸጠ? ማዳበሪያና ዘር ስንት ወሰደ? ምንዛሪውን የወሰዳችሁት በየትኛው ቀን ነው? ቀበሌው የሚሰጠው ደብዳቤ ቢኖር እሱን አስተርጉማችሁ አያይዙ።

ፎርሙ «የእርሻችሁ ዋጋ ስንት ነው?» ይላል። አሜሪካዊ ገበሬ መሬቱን ይሸጣል፤ የእኛ ገበሬ አይሸጥም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ያላችሁ የመጠቀም መብት ነው። ይህን ካልጻፋችሁ አንድ ሔክታር ያለው ሰው ባለጸጋ መስሎ ሊታይ ይችላል! በሬም ቢሆን ለእኛ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ታክሲ ነጂው መኪናውን ሸጦ ልጁን ያስተምር እንደማይባለው ሁሉ።

የማመልከቻው ክፍያ ራሱ ብዙ ቦታ ከ70 ዶላር በላይ ነው። ዘጠኝ ቦታ ከተመለከተ የአንድ በሬ ዋጋ ሊሄድ ነው። ግን አቅም ለሌለው ምሕረት አለ፤ ጠይቁ። ሲ.ኤስ.ኤስ.ውም ከከበዳችሁ ለኮሌጁ ጻፉ፤ በነጻ የሚሞላ ሌላ ፎርም የሚቀበሉ አሉ። ት/ቤቶቻችን ውስጥ ፈረንጆቹ የሚሉት ዓይነት አማካሪ ስለሌለ የድጋፍ ደብዳቤውንና ትራንስክሪፕቱን ርእሰ መምህሩ ወይም አንድ የሚያውቃችሁ መምህር ይልከዋል። መምህሩን በመስከረም አናግሩት፤ ታኅሣሥ ላይ ሄዳችሁ አታስጨንቁት። ስማችሁ በካርዱ፣ በፈተና ውጤቱና በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ። የልደት ቀናችሁንም ከእኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ጊዜ በትክክል ለውጡና እሱኑ ብቻ ተጠቀሙ።

«እሺ» የሚሉት እምቢታ

ልጅቷ ዘጠኝ ቦታ አመለከተች። መጋቢት ላይ መልሱ መጣ። ሰባቱ እምቢ አሉ። አንዱ «ተጠባባቂ ነሽ» አለ። አንዱ ተቀበላት! ያን ዕለት አክስቴ ቤት እልልታው ቀለጠ። ቆይተን የገንዘቡን ወረቀት ስናነብ ግን ኮሌጁ አብዛኛውን ሸፍኖ በዓመት 9 ሺህ ዶላር ለቤተሰቡ ትቷል። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ግማሽ ሚሊዮን ብር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ዘመድ ተሰበሰበ። በሬዎቹ ይሸጡ፣ ቡሬ ሱቅ ያለው አጎቷ ያበድር፣ የቀረው በመዋጮ ይሞላ ተባለ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ አባትየው ተነሡ።

«በሬዎቼን ሽጨ ዘንድሮ ብልካት፣ ለከርሞስ ምን እሸጣለሁ? ትምህርቱ አራት ዓመት ነው ብላችሁኛል። ልጀን መሀል መንገድ ላይ ልጥላት ነው?»

ማንም የመለሰላቸው የለም። ለኮሌጁ «እባካችሁ ጨምሩ» ብላ በትሕትና ጻፈች፤ በትሕትና «አንችልም» አሏት። አለቀሰች። እናቷም አለቀሰች። እሷ ግን በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ነበረች፤ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምደባ የደረሳት የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አሁን ምህንድስናዋን ልትጨርስ ተቃርባለች። የምታስበው ለድኅረ ምረቃ ለማመልከት ነው፤ በተለይ ለዶክትሬት የሚቀበሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን በረዳትነት እያሠሩ ክፍያውን ይሸፍናሉና። ስለዚያ ኮሌጅ ስትናገር በምሬት አይደለም። «አባቴ ያኔ አራት ዓመት ቆጠረ፤ እኛ የቆጠርነው አንድ ዓመት ነበር» ትላለች።

በስልክ የተጻፈ ማመልከቻ

ሁለተኛው ልጅ የመጣው በክፉ ጊዜ ነው። 12ኛ ክፍልን ከመፈተኑ በፊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሰነበተና የእንግሊዝኛ ፈተናውን ወሰደ። ደግነቱ! ወደ ቡሬ በተመለሰ በሳምንታት ውስጥ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጦርነቱ ተጀመረ፤ በክልሉ ኢንተርኔት ተዘጋ። የኮሌጅ ማመልከቻ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የለም።

ስልክ ግን አንዳንድ ጊዜ ይሠራ ነበር። ልጁ ድርሰቱን ደብተሩ ላይ ጽፎ ማታ ማታ ይደውልልኛል፤ እሱ ያነባል፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ እተይባለሁ። «ኮማ… ነጥብ… አዲስ መስመር…» መስመሩ ይቋረጣል፤ በነጋታው እንቀጥላለን። ሦስት ሌሊት ፈጀብን። ከእኔ የተጨመረ አንድ ቃል የለበትም፤ እሱም አይፈቅድልኝም። የጻፈው ስለ ጦርነቱ አልነበረም። እናቱ ፊደል ሳይቆጥሩ በቡሬ ገበያ የሸጡትን በቆሎ በጠጠር እንዴት እንደሚመዘግቡ፣ እሱም የመጀመሪያ ሒሳቡን ከዚያ ጠጠር እንደተማረ ነው። የገንዘቡንም ፎርም እንዲሁ በስልክ ሞላነው። የአባትየውን ሒሳብ አንዴ ስላየሁ ምን እንደምጠይቅ አውቅ ነበር።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ትንሽ ኮሌጅ ወጪውን ሁሉ ሸፍኖ ተቀበለው። ከቀሩት ስምንቱ እምቢ ብለውታል። መንገድ ሲከፈት ጠብቆ አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያ ዓመት የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር፣ ሴቪስ የሚሉት ክፍያ 350 ዶላር ነበር፤ ይኸን ዘመድ አዋጥቶ ከፈለለት። ኤምባሲ ውስጥ የቆየው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። «የሚከፍልልህ ማነው? አባትህ ምን ይሠራሉ?» አሉት። «ኮሌጁ ይከፍላል። አባቴ ገበሬ ናቸው።» አለቀ። ወረቀቱና አፉ አንድ ነበሩ።

ዛሬ እዚያው ነው። የኮሌጁ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል፤ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። በሄደ በወሩ ዘመዱ ሁሉ «ላክልን» ማለት ጀመረ! እርዳታው ግን ከኮሌጁ አንድ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ የሚሄድ ነው፤ በልጁ እጅ አይገባም። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ለቤተሰብ ንገሩ። ሌላም አለ፤ በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ እንዲሆን ወስኗል። ለዕረፍት አገር ቤት የመጣ ተማሪ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ይጠይቃል ማለት ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ በየጊዜው አጣሩ። በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ያለው ኤዱኬሽን ዩ.ኤስ.ኤ. የሚሰጠው ምክር ደግሞ በነጻ ነው፤ 40 ሺህ ብር አያስከፍልም!

በሉ እንግዲህ

አሜሪካ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ልጆች ካላችሁ አትሙቱ። የአገር ውስጡን ዕድል በአንድ እጃችሁ ያዙ፣ በሌላው ሞክሩ። ከምታመለክቱባቸው ውስጥ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ የሚሞሉት ይብዙ። «ተቀብለናል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ እልል ከማለታችሁ በፊት ሁለተኛውን ወረቀት አንብቡ፤ ቁጥሩን በአራት አባዙት። ለአራተኛው ዓመት መልስ ከሌላችሁ ለአንደኛው በሬ አይሸጥ።

ከሁሉ በፊት ግን ደብተርና እርሳስ ያዙና ከአባትና ከእናታችሁ ጋር ቁጭ በሉ። በርበሬው ስንት ተሸጠ? ማዳበሪያው ስንት ወሰደ? መጀመሪያ ይቆጧችኋል። ከዚያ ዝም ይላሉ። ከዚያ ይነግሯችኋል። አሜሪካ ባትሄዱ እንኳ እስከ ዛሬ በምን እንዳሳደጓችሁ በቁጥር ታውቃላችሁ።

ቸር እንሰንብት!